የድንጋይ ከሰልን በካርታ ስለ መመዝገብ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበበ አንድ ጓደኛችን «ከሰሉ ባለበት ላይ ጥቁር ቀለም መቀባት ነው እንጂ ይህ ደግሞ ምን ያነጋግራል?» ሲል ጠየቀን። ሳቅን፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር እኛም ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ከዚህ የተሻለ አሳብ አልነበረንም። ዛሬ የምንናገረው ከሰሉ ስላለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌለበትም፣ ማለት ቀድሞ ተቆፍሮ ባዶ ስለ ቀረው ቦታ ነው። ሠራተኛውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነውና።

ምሳሌያችንን በመጀመሪያ ከእንግሊዝ አገር እናመጣለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዊልያም ስሚዝ የተባለ የአንጥረኛ ልጅ በ1790ዎቹ በሶመርሴት አውራጃ የከሰል ጉድጓዶችንና ከሰል የሚጓጓዝበትን ቦይ ይቀይስ ነበር። ወደ ጉድጓዱ በወረደ ቁጥር የድንጋዩ ንጣፎች በአንድ ዓይነት ተራ የተደራረቡ መሆናቸውን፣ እያንዳንዱም ንጣፍ የራሱ የሆነ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ቀንድ አውጣና ዛጎል እንዳለው አስተዋለ። ከዚህም ተነሥቶ የእንግሊዝንና የዌልስን፣ ከስኮትላንድም ከፊሉን የሚያሳይ ትልቅ የድንጋይ ካርታ በ1815 አወጣ። በካርታው ላይ የከሰል ጉድጓዶችና ቦዮች ሁሉ በምልክት ተመልክተዋል። ለድካሙ ያገኘው ዋጋ ግን በ1819 በዕዳ ምክንያት መታሰር ነበር፤ ሜዳሊያውን የሰጡት በ1831 ነው።

ይህ ካርታ በታተመበት በዚያው ዓመት፣ ግንቦት ወር ሲገባ፣ በኒውካስል አጠገብ ሂተን በተባለው ማዕድን ሠራተኞች ሲቆፍሩ ከቀድሞ ጊዜ ጀምሮ ውሃ ሞልቶት ከተተወ አሮጌ ጉድጓድ ጋር ተገናኙ። ውሃው ደርምሶ ገባ። 75 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ የስሚዝ ካርታ የአገሩን ድንጋይ ሁሉ ሲያሳይ፣ ሰው የቆፈረውን ባዶ ግን ሊያሳይ አልቻለም። የምድርን ንጣፍ ተፈጥሮ ታሳየናለች፤ የሰውን ቁፋሮ ግን የቆፈረው ሰው ራሱ ካልጻፈው ማን ይነግረናል?

እንግሊዞች ይህን ለማረም በ1840 የማዕድን መዝገብ ቤት አቋቋሙ፤ በ1872ም የተተወ የከሰል ማዕድን ሁሉ ፕላኑ ለመንግሥት እንዲሰጥ በሕግ አዘዙ። ይሁን እንጂ መጋቢት 21 ቀን 1973 በዮርክሽር ሎፍትሃውስ በተባለው ማዕድን አሮጌ ውሃ እንደገና ገብቶ 7 ሠራተኞችን ገደለ። ቀያሾቹ በአካባቢው አሮጌ ጉድጓዶች መኖራቸውን ያውቁ ነበር፤ ጥልቀታቸው ግን ሠራተኞቹ እስካሉበት ንጣፍ አይደርስም ብለው ያምኑ ነበር። በኋላ ምርመራ ሲደረግ ጥልቀቱን የሚጠቁም ማስታወሻ በአገሩ የጂኦሎጂ ተቋም ውስጥ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፉ የመስክ ደብተሮች መካከል ተገኘ። ወረቀቱ ነበረ፤ ጠይቆ ያነበበው ግን አልነበረም። ለዚህ ስብሰባ ስንዘጋጅ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ይህ ነው።

የዛሬው ዘመን መሣሪያ፣ ጂ አይ ኤስ የሚባለው፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ጉድጓዱ፣ የቁፋሮው ወሰን፣ የሙከራ ቁፋሮው ውጤት፣ መንገዱና መንደሩ እያንዳንዱ በራሱ ገጽ ይሣላል፤ ከዚያ ገጾቹ እንደ ስስ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ማን እንደ ለካው፣ በየት ዓመት እንደ ተለካ፣ ምን ያህል እንደሚታመን የሚገልጽ ሠንጠረዥ ይያያዛል። በእኛ አስተያየት ከሥዕሉ ይልቅ ሠንጠረዡ ይበልጣል።

ግን አሮጌን ፕላን ወደዚህ ማስገባት ቀላል አይደለም። የድሮ ቀያሽ ሰሜንን የሚያውቀው በኮምፓሱ መርፌ ነው፤ መርፌውም ከዘመን ዘመን ይዞራል። በ1815 በለንደን መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ዘንብሎ ነበር፤ ዛሬ ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ሆኗል። ይህን ያላወቀ ሰው የዚያን ዘመን ፕላን እንዳለ ቢያስቀምጠው ከጉድጓዱ አፍ 500 ሜትር የሚርቀው የዋሻ ጫፍ ከ200 ሜትር በላይ ተዛንፎ ይገኛል። በዚህ ላይ አንዱ ንጣፍ በየማዕድኑ ሌላ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ጥልቀቱም አንዳንዴ ከመሬት ገጽ፣ አንዳንዴ ከባሕር ወለል ይቆጠራል። ስለዚህ ሠራተኛው በፕላኑ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ድልድይ ወይም የጉድጓድ አፍ ፈልጎ፣ ያንኑ ዛሬ በመሬት ላይ አግኝቶ ማገናኘት አለበት። እግር ያስፈልገዋል፤ ወንበር ብቻ አይበቃውም።

በ2002 በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ የሆነው ደግሞ የካርታን ክፋትም ደግነትም በአንድ ሳምንት ያሳየ ነው። ቦታው በአጋጣሚ ሶመርሴት በሚባል አውራጃ ነው፤ የማዕድኑ ስም ኩዊክሪክ ይባላል። ሠራተኞቹ የያዙት የጎረቤቱ አሮጌ ማዕድን ካርታ ቀን ያልተጻፈበትና ያልተረጋገጠ ነበር፤ በእርሱ ተማምነው ሲቆፍሩ ሐምሌ 24 ቀን ውሃው ገባ። ግማሾቹ አመለጡ፤ 9ኙ ከ70 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ ታገዱ። ከላይ ያሉት በጂ ፒ ኤስ ነጥቡን ለይተው፣ ስፋቷ 15 ሳንቲ ሜትር የምታህል ቀዳዳ ሰዎቹ አሉበት ወደ ተባለው ስፍራ አወረዱ፤ በእርሷም የተጨመቀ አየር ላኩ። ከ77 ሰዓት በኋላ ዘጠኙም በሕይወት ወጡ። ትክክለኛው የመጨረሻ ካርታ በኋላ በአንድ ሙዚየም ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የፔንሲልቫኒያ መንግሥት በየቤቱና በየመዝገብ ቤቱ ያሉትን አሮጌ ካርታዎች እየሰበሰበ፣ በኮምፒዩተር አስገብቶ ማንም እንዲያያቸው አድርጓል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በዴልቢና በሞዬ፣ በያዩ፣ በጭልጋ፣ በሙሽ ሸለቆ ከሰል መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። የእኛ ከሰል አብዛኛው የሚገኘው እሳተ ገሞራ ባፈሰሳቸው ጥቁር ድንጋዮች መካከል፣ በጥንት ሐይቅና ረግረግ ውስጥ በተኛ ደለል ነው፤ የጭልጋው ዕድሜ ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እንዲህ ያለ ንጣፍ ባጭር ርቀት ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ተሰብሮም ይጠፋል። በሁለት የሙከራ ጉድጓዶች መካከል ያለውን ሁሉ በአንድ ቀለም መቀባት ስለዚህ ድፍረት ነው። በያዩ ደግሞ ከላይ በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ የቡና ጫካ አለ፤ የከሰሉን ገጽ ብቻ አይቶ የጫካውንና የገበሬውን ማሳ ገጽ ሳይደርብ የሚወስን ሰው ካርታውን ግማሹን ብቻ አንብቧል።

የራሳችንንም ስሕተት እንናገር። ባለፈው ዓመት ለልምምድ ከአሮጌ ካርታ ያነበብናቸውን ነጥቦችና በጂ ፒ ኤስ የለካናቸውን አንድ ላይ አደረግናቸው። ከወንዙ ወዲህ ያየነው የከሰል ንጣፍ ከወንዙ ማዶ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ እርስ በርሳችን ስንካሰስ ከቆየን በኋላ ምክንያቱን አንድ መምህራችን ነገሩን። የአገራችን አሮጌ ካርታዎች የተሠሩት በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ በሚገኘው በአዲንዳን ልኬት መነሻ ነው፤ ጂ ፒ ኤስ ግን ሌላ መነሻ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእኛ አገር ከ200 ሜትር ይበልጣል። ወንዙ አልተንቀሳቀሰም፤ እኛ ነን የተንቀሳቀስነው። በወረቀት ላይ ሲሆን ያሳፍራል፤ ከመሬት በታች ሲሆን ግን ሂተንን ይደግማል።

ዛሬ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል ይፈልጋሉ፤ በአገር ውስጥ የሚቆፍረውም እየበዛ ነው። ዛሬ የሚቆፈረው ጉድጓድ ለልጅ ልጆቻችን አሮጌ ጉድጓድ ይሆናል፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም ውሃ ይሞላዋል። ስለዚህ ማንኛውም ቆፋሪ፣ ትልቅ ኩባንያም ቢሆን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም ቢሆኑ፣ ሥራውን ሲተው የቆፈረበትን ፕላን ከነቀኑና ከነልኬት መነሻው እንዲያስረክብ፣ የተረከበውም መሥሪያ ቤት ለጠየቀ ሁሉ እንዲያሳይ እንለምናለን። መምህራኖቻችንም የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ተቀብረው የቀሩትን የመስክ ልኬቶች አውጥተን በአንድ ሠንጠረዥ እንድናስገባ ቢፈቅዱልን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ሥራ ተዘጋጅተናል።

እናንተም ከጅማ፣ ከኢሉባቦር፣ ከጭልጋ፣ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣችሁ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ጥቁር ድንጋይ የሚታይበትን ገደል ስምና ቀድሞ ሰው ቆፍሮ የተወውን ጉድጓድ አባቶችንና እናቶችን ጠይቁልን፤ ቦታውንም በስልካችሁ ለክታችሁ፣ የለካችሁበትን ቀን ጽፋችሁ አምጡልን።