ዛፍ ላይ የሚወጣው ሰው

(ይህ ጽሑፍ አንድ የዛፍ ባለሙያ ለአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ ለግቢ ኃላፊዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ያደረጉት ንግግር ነው። በጥቂት ቦታዎች ከማሳጠራችን በቀር ተናጋሪው እንደ ተናገሩት ቀርቧል።)



በውጭ አገር የእኔን ሥራ የሚሠራ ሰው የዛፍ ሐኪም ይባላል። በሰፈሬ ግን የምታወቀው በእንጨት ቆራጭነት ነው፤ በዚህም ቅር አይለኝም። ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ጉዳይ ያስከትላል። ሰው እንጨት ቆራጭ ሲጠራ የሚታየው እንጨቱ ብቻ ነው፤ ዛፉም፣ ዛፉ ላይ የሚወጣውም ሰው አይታዩትም። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በጸሎት ቤታችሁ፣ በክሊኒካችሁ ወይም በፕሮጀክት ግቢያችሁ ውስጥ ትልልቅ ዛፎች አሏችሁ። አንድ ቀን ሰው ጠርታችሁ «ውጣና ቁረጠው» ማለታችሁ ስለማይቀር፣ ያ ቀን ከመድረሱ በፊት የሥራውን ሁኔታ ብታውቁት ይበጃል ብዬ አስባለሁ።

ሥራው በመጋዝ አይጀምርም፤ በመዞር ይጀምራል። ዛፉን መጀመሪያ ከሩቅ ቆሜ አየዋለሁ፤ ጫፉ ደርቋል ወይ? ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል ወይ? ቀጥሎ ቀርቤ ሥሩ ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ እንጉዳይ በቅሎ እንደ ሆነ፣ አፈሩ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ እመረምራለሁ። ግንዱን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ድምፁን አዳምጣለሁ። ባዶ ድምፅ መስማት ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም፤ ዛፍ እንደ ቧንቧ ነውና ዙሪያው ወፍራምና ጤነኛ ከሆነ መሐሉ ባዶ ቢሆንም ለብዙ ዘመን ሊቆም ይችላል። ከዚያ ቀና ብዬ የንብ ቀፎ፣ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍና የመብራት ሽቦ እፈልጋለሁ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አሠሪው በዚህ ጊዜ ሰዓቱን እያየ «ይህ ሰው መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?» ይላል። ሥራው ግን ያ ነው።

ስለ ሽቦው ጥቂት ልጨምር። ወደ ቤት የሚገባው መስመር 220 ቮልት ነው፤ እርሱም ይገድላል። በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄደው ግን 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ሊሆን ይችላል። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከፍተኛው መስመር ላይ ደግሞ ጫፉ ሽቦውን ሳይነካ፣ ገና ሲቃረብ እሳቱ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ዛፉ ከሽቦ ጋር የተጠላለፈ ከሆነ የመብራት ኃይል ሰዎች መጥተው መስመሩን እስኪዘጉ ድረስ ማንም አይወጣም። ሁለት ሳምንት ቢያስጠብቅም ይጠበቃል።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሁለት ኩንታል ያህል ይመዝናል። ከታች ለሚያየው ሰው ክንድ የምታህል ትመስላለች። ይህን ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ እየቆረጡ ቢለቁት፣ መጋዙ ግማሽ ሳይደርስ በራሱ ክብደት ይሰነጠቃል፤ የግንዱንም ቅርፊት እስከ ታች ድረስ ገሽልጦ ይወስዳል። አንዳንዴም እንደ በር ተወዛውዞ ቆራጩን ይመታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀን ከሥር ወደ ላይ ሩብ ያህሉን እንቆርጣለን። ቀጥሎ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ ወጣ ብለን ከላይ ወደ ታች ስንቆርጥ ቅርንጫፉ ሳይገሽልጥ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረውን ጉማጅ ብቻውን እናነሣለን። ከታች ቆርቆሮ ጣሪያ ወይም አጥር ካለ ደግሞ ቅርንጫፉ በገመድ ታስሮ ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ አይጣልም።

ሰውየውም እንዲሁ በገመድ ነው የሚኖረው። ገመዱ ከበላዩ ባለ ጠንካራ መንታ ላይ ያልፋል፤ ወገቡንና ጭኑን በሚይዝ ሰፊ መታጠቂያ ላይ ይታሰራል። በምንወጣበት ጊዜ የምንጠቀምበት ቋጠሮ ሲጎተት የሚነክስ፣ ሲላላ የሚንሸራተት ነው፤ ካርል ፕሩሲክ የሚባል የኦስትሪያ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ሲሆን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። መጋዝ በሚሠራበት ጊዜ ሁለተኛ ማሰሪያ ይጨመራል፤ አንዱ በስሕተት ቢቆረጥ ሌላው እንዲይዝ። በሞተር መጋዝ ላይ ሰንሰለቱ በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ሥጋና ገመድ ለእርሱ ልዩነት የላቸውም። እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ አብዛኛውን የምሠራው በእጅ መጋዝ ነው።

ከታች የሚቆመው ጓደኛዬ ከእኔ የበለጠ ይሠራል ብል ማጋነን አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ይጎትታል፤ ጭራሮውን ከፍልጡ ይለያል፤ ገመድ ይይዛል፤ በሥር የሚያልፈውን ሕፃን ያባርራል። ደግሞም እኔ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ወጥቶ ሊያወርደኝ የሚችል ሰው እርሱ ነው። ስለዚህ ብቻውን ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ቢመጣላችሁ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ «ጓደኛህን ይዘህ ና» በሉት።

በከተማችን ግን የሚታየው ሌላ ነው። ወጣቶቹ በባዶ እግራቸው መጥረቢያ ወይም ገጀራ በወገባቸው ሽጠው ይወጣሉ፤ አንዳንዱ መጫኛ በወገቡ ይጠመጥማል፤ አንዳንዱ ምንም የለውም። ችሎታቸውን አልንቅም። እግራቸው የሚያውቀውን እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተማርኩት። ነገር ግን ዛፍ ሁልጊዜ ምልክት ሰጥቶ አይሰበርም፤ የሚረግጡት ቅርንጫፍ ውስጡ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ከ10 ሜትር የወደቀ ልጅ ቢተርፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ወገቡ አይተርፍም። ያን ጊዜ ቀጣሪው «እኔ የቀን ሠራተኛ ነው የጠራሁት» ይላል። እንግዲህ ከመውጣቱ በፊት ቢወድቅ ማን እንደሚያሳክመው፣ ቤተሰቡንስ ማን እንደሚያይ በጽሑፍ ይስፈር። ይህን መጻፍ የሚያሳፍር ከሆነ ሥራው ራሱ አሳፋሪ ነው ማለት ነው።

ስለ ዛፉ ደግሞ ልናገር። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። የከተማችን ሰው እጅ የሠለጠነው በእርሱ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ይቅር ባይ ነው፤ ከጉቶው ብትቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ከመሐሉ ብትቆርጡትም ያቆጠቁጣል። ከዚህ የተነሣ እጃችን ዛፍ ሁሉ እንዲህ የሆነ ይመስለዋል። ጽድ ግን አያቆጠቁጥም። የሐበሻ ጽድም ሆነ የፈረንጅ ጽድ ከጉቶው ከተቆረጠ አበቃለት፤ ቅጠል የሌለውን አሮጌውን ቅርንጫፍ ላይ ብትቆርጡትም ያ ቅርንጫፍ ዳግመኛ አይለብስም። ወይራና ዋንዛ ያቆጠቁጣሉ። እንግዲህ ቆራጩ ሊመለስ የማይችለውን ነገር ሊያደርግ ስለ ሆነ ዛፉ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በነገራችን ላይ ሰውን ለሥራ መምረጥን «መመልመል» የምንለው ከዚሁ ከቅርንጫፍ መመልመል ጋር በአንድ ቃል ነው፤ በሁለቱም ቦታ የሚቀረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ደግ ነው።

ዛፍ ሲቆረጥ ምን ይሆናል? ቀድሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር አስተካክሎ ልጭት አድርጎ መቁረጥን፣ ቁስሉን ቀለም መቀባትን፣ ባዶውን ግንድ በሲሚንቶ መሙላትን ያስተምሩ ነበር። አሌክስ ሺጎ የሚባሉ አሜሪካዊ የዛፍ በሽታ ተመራማሪ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ በቁመታቸው እየሰነጠቁ መረመሩና ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳተሙ። የእኛ ቁስል ሲድን የተጎዳው ሥጋ በአዲስ ይተካል። በዛፍ ግን እንዲህ አይደለም፤ የተጎዳው እንጨት እዚያው ይቀራል፤ ዛፉ ዙሪያውን አጥር ያጥርበትና በላዩ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። አጥሩን የሚሠራበት ዋናው ቦታ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ላይ ያለው እብጠት ነው፤ እኔ አንገትጌ እለዋለሁ። መጋዙ ከአንገትጌው ወጣ ብሎ ከቆረጠ ዛፉ ቁስሉን ይዘጋዋል። አንገትጌውን ከቆረጠው ግን ብስባሹ ወደ ግንዱ ይገባል። ረጅም ጉማጅ ከተወም ጉማጁ ይደርቅና የብስባሽ መንገድ ይሆናል። ልዩነቱ የሁለትና የሦስት ጣት ስፋት ነው። ቀለሙንም ተዉት፤ አይጠቅምም።

ሌላው የምለምናችሁ ነገር፣ ዛፉ ረዘመ ብላችሁ አናቱን አታስቆርጡት። የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ከሆነ ከተቆረጠው ጫፍ ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች ተሽቀዳድመው ይወጣሉ፤ የተጣበቁት ግን በላይኛው እንጨት ብቻ ነው፤ ሥራቸው ጥልቅ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከበድ ሲሉ ነፋስ ያወርዳቸዋል። ለደኅንነት ተብሎ የተደረገው አደጋን ይወልዳል። በአንድ ጊዜም ከቅጠሉ ከሩብ በላይ መቁረጥ አይገባም፤ ቅጠሉ የዛፉ ወጥ ቤት ነው።

አንዲት እናት ጠርተውኝ በጓሯቸው ያለውን ግራቪሊያ እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ከሥሩ ጣልልኝና ልረፍ» አሉኝ።

«እማማ፣ ምን አስፈራዎት?»

«ነፋስ ሲነሣ ሌሊት በጣሪያዬ ላይ ያንቋቋል፤ እንቅልፍ ነሣኝ።»

ዞሬ አየሁት፤ ዛፉ ጤነኛ ነበር። የሚያንቋቋው አንድ የደረቀና አንድ ከቆርቆሮው ጋር የሚፋተግ ቅርንጫፍ ነው። ሁለቱን አውርጄ ለግማሽ ቀን ሥራ ተከፈለኝ። ቡናም አጠጡኝ፤ ግን ፍልጡ እንዳነሰባቸው ሳይናገሩ አልቀሩም!

ይህ ፍልጥ የሚሉት ነገር ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ብዙ ግቢዎች ቆራጩን «እንጨቱን ውሰድና ቁረጥልን» ብለው ይዋዋላሉ። ምንም ስላልከፈሉ የተጠቀሙ ይመስላቸዋል። ክፍያው እንጨቱ ከሆነ ግን ሰውየው ብዙ በቆረጠ መጠን ብዙ ያገኛል፤ ቶሎ በጨረሰ መጠን ወደ ሌላው ይሄዳል። ገመድ ለማሰር ጊዜ የለውም፤ አንገትጌም አይመለከትም። በእርሱ አልፈርድም፤ ውሉ ነው እንዲህ ያደረገው። ለሥራው በቀን ሒሳብ ክፈሉት፤ እንጨቱ የግቢው ይሁን።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህ ሙያ የትልልቅ ዛፎች ብቻ አይደለም። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናዶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒጄር፣ በማራዲ አካባቢ ቁጥቋጦ ይመስል የነበረው ነገር ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶ የሚያቆጠቁጥ መሆኑን አስተዋሉ። ገበሬዎቹ ከየጉቶው ጥቂት ጠንካራ ዘንጎችን እየተዉ ሌላውን ሲመለምሉ ዛፉ ተመለሰ። በአገራችንም በወላይታ፣ በሁምቦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው በዚሁ መንገድ አገግሟል፤ ሰባት የገበሬዎች የደን ማኅበራት ናቸው የያዙት። እዚያ መሣሪያው ገጀራና የእጅ መጋዝ ነው። የሚጠየቀው ግን እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ የምጠይቀው ነው፤ የትኛው ይቅር? በየትኛው ላይ ይቆረጥ?

በጠረጴዛው ላይ በቁመታቸው የተሰነጠቁ ሁለት ጉማጆች አሉ። አንደኛው በአንገትጌው ላይ የተቆረጠ፣ ሁለተኛው ከአንገትጌው ውጭ የተቆረጠ ነው፤ ቀርባችሁ በእጃችሁ ዳስሷቸው። ከሻይ በኋላ ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ጽድ አብረን እንዞረዋለን። መጋዝ አልያዝኩም።