የአውሮፓን የንግድ አስተዳደር ትምህርት ቤት አስቀድሞ ስለ መጎብኘት



ከመካነ ሰላም፣ ከሳይንት፣ ከወግዲ ወይም ከከላላ ወጥቶ በከተማ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል አንድ ወጣት እንዳለ እናስብ። የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዟል፤ ጥቂት ዓመትም ሠርቷል፤ አሁን በአውሮፓ ከሚገኙት የንግድ አስተዳደር ትምህርት ቤቶች በአንዱ ገብቶ ኤም ቢ ኤ የሚባለውን ዲግሪ ለመቀበል ይመኛል። ከማመልከቱ በፊት ትምህርት ቤቱን በዓይኑ አይቶ ለመመለስ ቢነሣ፣ ምን መመልከትና ምን መጠየቅ ይገባዋል? የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው።

አስቀድሞ ስለ ጉዞው ጥቂት ልበል። የሸንገን አገሮች ለአጭር ጉብኝት የሚሰጡት ቪዛ ለትምህርት ከሚሰጡት የተለየ ነው። ከዚህም በቀር የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. በአፕሪል ወር ባሳለፈው ውሳኔ፣ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ የሚመረመርበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ለንደን ያለውን ትምህርት ቤት ለማየት ደግሞ ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ የጥድፊያ ሥራ አይደለም።

የጉብኝቱ ወጪ ግን ከትምህርቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ ያለው ኢንሲያድ ለ10 ወር ትምህርት የሚያስከፍለው ከ100,000 ዩሮ በላይ ነው። ብራችን በ2024 እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር መጨረሻ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ደመወዙን በብር ለሚቀበል ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እንግዲህ ጎብኚው ከሁሉ በፊት የሚያንኳኳው በር የነፃ ትምህርት ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ይሁን። ሕንፃውንና አትክልቱን ኋላ ይደርስበታል።

ቀጥሎ ተማሪዎች በሚማሩበት ክፍል ለመቀመጥ ይለምን፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ኢንሲያድ በ1957 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ዋነኛው ዦርዥ ዶርዮ የሐርቫርድ መምህር ነበር፤ በዚያው ዓመት የኔስሌ ኩባንያ በሎዛን ያቋቋመው ትምህርት ቤትም የማስተማሩን ዘዴ የተማረው ከሐርቫርድ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት የገጠመው ችግር በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ይታደላል፤ ተማሪው ሌሊቱን ሲያነብ ያድራል፤ በማግሥቱ መምህሩ ማብራሪያ ከመስጠት ይልቅ፣ «እርስዎ ሥራ አስኪያጅ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ይመልሳል፤ ሌላው ይቃወመዋል፤ ዝም ያለ ሰው ውጤቱ ይቀንሳል። መምህር ሲናገር አንገቱን ደፍቶ መጻፍ የለመደ የእኛ አገር ተማሪ በዚህ ስፍራ መደንገጡ አይቀርም።

ይሁን እንጂ የወሎ ልጅ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። በአገሩ ቅሬ አለ። በአንድ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቆምበት ስፍራ ብዙ ነው፤ ዳኛ ይመረጣል፤ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ በዛብኝ የሚልም ተነሥቶ ይከራከራል። ገንዘቡን ማን ይያዝ፣ ድኻው እንደ ባለጸጋው እኩል ይክፈል ወይስ አይክፈል፣ የቀብሩን ሥራ ማን ከማን ጋር ይካፈል፣ ይህ ሁሉ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። አባቱ የቅሬ ዳኛ ሲሆን አጠገቡ ተቀምጦ ያዳመጠ ልጅ፣ በፎንቴንብሎ ክፍል ውስጥ የጀርመኑም የብራዚሉም ተማሪ የማያውቀውን ነገር ሊናገር ይችላል። ይህን እንደ ዕውቀት ቆጥሮ ለመናገር መድፈሩ ግን የራሱ ፈንታ ነው።

ከክፍሉ ሲወጣ ከተማሪዎቹ ጋር ቡና ይጠጣ፤ ከአፍሪካ የመጡትን ለይቶ ይጠይቅ። የምታነቡት ችግር የታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ ነው ወይስ የገበሬ ማኅበርም አለበት? ያለፈው ዓመት ምሩቃን የት ገቡ? ብድራቸውን በስንት ዓመት ይከፍላሉ? እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። ምክንያቱም በዩሮ ዕዳ የተያዘ ሰው በለንደን ባንክ ወይም በፓሪስ አማካሪ ድርጅት መቅጠር ግድ ይሆንበታል፤ ቦረና ተመልሶ የስንዴና የባቄላ ንግድ ላቋቁም ቢል እንኳ ዕዳው አይለቀውም። ለነፃ ትምህርት ቢሮው ያንኳኳ ያልሁትም ስለዚህ ነው።

አገር ሳይለቁ መማርም የተሞከረ መንገድ መሆኑን ጎብኚያችን አይርሳ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ባለሥልጣኖች በሥራቸው ላይ ሳሉ ከእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ኤም ቢ ኤ ተቀብለዋል፤ አቶ መለስ ዜናዊም በ1995 እ.ኤ.አ. ዲግሪውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬም ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለአመልካቾች በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ስብሰባ ያደርጋሉ። ከእነዚህ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ተገኝቶ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ቢያቀርብ፣ ለቪዛ የሚከፍለውን 90 ዩሮ ማውጣት ይገባው እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ከመነሣቱ በፊት ያውቃል።