«የለም» እና «አላገኘሁም»፦ በመረጃ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ስለ መማር

(ለአዲስ ገቢ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በተዘጋጀ የሕዝብ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር)



በመረጃ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚጀምሩ ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ቢሮዬ እየመጡ ከሚያነሡልኝ ጥያቄዎች ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። አንደኛው «የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ አስቀድሜ ልማር?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «በአሁኑ ጊዜ የሚያዋጣው ርእስ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔም በጊዜዬ ጠይቄአቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናገረው ከሁለቱም ስለሚቀድም ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ይህ ትምህርት ከምን ዓይነት ስሕተት ሊጠብቀን እንደሚገባ ነው። ጉዳዩን ለማስረዳት ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን እንዳገኘሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዘመኑ ኮምፒዩተር ወደየቢሮው መግባት የጀመረበት ስለ ነበር፣ የሠራተኞች የግል ማኅደር ዝርዝር ከትልልቆቹ መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ ነበር። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ እናት የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ ጉዳይ ለማስፈጸም የአገልግሎት ማስረጃ ሊጠይቁ መጡ። የባለቤታቸው ስም ኃይለ ሥላሴ ነበር። ስሙን እንደ ሰማሁት ጻፍሁና ፈለግሁ፤ ኮምፒዩተሩ ምንም አላወጣም። «እናቴ፣ ማኅደራቸው የለም» አልኋቸው። «ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው እንዴት የለም ይባላል?» አሉኝ። ደግሜ ፈለግሁ፤ ደግሜም «የለም» አልሁ። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ማኅደሩ የተገኘው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ያገኙትም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ጊዜ የቀራቸው ነባር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሴትዮዋ ተመልሰው በመጡ ጊዜ ነገሩን ሰሙና ወደ እኔ ዞረው፣ «በየትኛው ሀ ነው የፈለግኸው? በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይስ በብዙኃኑ ኀ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ዘመናቸውን ሁሉ አንድን ስም በሦስት በአራት ቦታ መፈለግ የለመዱ ሰው ነበሩ። ይህን ዕውቀታቸውን ግን መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር በገለበጥን ጊዜ ማንም አልጠየቃቸውም። እኒያ እናት በአምስቱ ወራት በምን እንደ ኖሩ አልጠየቅኋቸውም፤ ለመጠየቅ አፈርሁ።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በዛሬው የአማርኛ አነጋገር የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ ቢጻፍ የንባብ ልዩነት የለውም፤ ይህ 6 አማራጭ ነው። «ሥላሴ» በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ሊጻፍ ይችላል፤ 2 አማራጭ ነው። ሁለቱ ቃላት ተነጣጥለው ወይም ተጋጥመው ሊጻፉ ይችላሉ፤ ይህም 2 ነው። ሲባዛ 24 ይሆናል። በእዝባር ተቆርጦ «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ የሚጻፈውን ብንጨምርበት ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል። እኔ ከ24 በሮች አንዱን አንኳኩቼ ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ነበር።

ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የወሰደኝ ይህ ነው። በአገራችን በዚህ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ነው። ዩኔስኮና የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል የደገፉት ይህ ትምህርት ቤት፣ ስሙም እንደሚያመለክተው ከኢትዮጵያ አልፎ ለአፍሪካ አገሮች ባለሙያዎች የታሰበ ነበር። በዚያ ጊዜ ለግእዝ ፊደል አንድ የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ ገና አልነበረም፤ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ይህም ታላቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ለኮምፒዩተሩ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ዛሬም የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ትምህርታችሁ ሁለት መለኪያዎችን ትማራላችሁ። ሪኮል የምንለው በስብስቡ ውስጥ ካሉት ተፈላጊ ሰነዶች ስንቱን እንዳገኘን ይለካል። ፕሪሲዥን የምንለው ደግሞ ካገኘናቸው ውስጥ ስንቱ በእርግጥ ተፈላጊ እንደ ሆነ ይለካል። የእኔ ስሕተት የሪኮል ስሕተት ነበር። መፍትሔውም ቀላል ይመስላል፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ መጠቅለል ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን በጥቂት የፕሮግራም መስመሮች ሠርተው ያልፉታል።

ነገር ግን ዋጋ አለው። «ድኅነት» በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ ከዳነ የወጣ ነው፤ መዳን ማለት ነው። «ድህነት» በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ከደኸየ የወጣ ነው፤ ማጣት ማለት ነው። ፊደላቱን ስንጠቀልል ስለ ድህነት ቅነሳ የሚያጠና የምጣኔ ሀብት ተማሪ የነገረ መለኮት ድርሳናት ይደርሱታል፤ የነገረ መለኮቱም ተማሪ የበጀት ሪፖርት ይደርሰዋል። ሪኮል ሲጨምር ፕሪሲዥን ቀነሰ ማለት ነው። ለሰው ስም መጠቅለሉ የግድ ሊሆን ይችላል፤ ለድርሳን ግን ማመዛዘን ያሻል። የትኛው ስሕተት የበለጠ እንደሚጎዳ የሚነግረን ኮምፒዩተሩ አይደለም። ፈላጊው ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚያጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የመረጃ ሳይንስ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ጋር ጎረቤት ሆኖ ሳለ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ስሕተቴን የሠራሁት አማካሪ ከሆንሁ በኋላ ነው። አንድ ተማሪዬ ለአማርኛ ሰነዶች የፍለጋ ሥርዓት ሠርቶ ውጤቱን በሠንጠረዥ አቀረበ። ቁጥሮቹ ያማሩ ስለ ነበሩ ፈረምሁለት። በመከላከያው ዕለት የውጭ ፈታኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ለሙከራው የተጠቀምህባቸውን የፍለጋ ጥያቄዎች ማን አዘጋጃቸው?» ተማሪው በሐቀኝነት መለሰ፤ ከሰነዶቹ አርእስት ላይ ራሱ ወስዶ ነበር ያዘጋጃቸው። መልሱን አይቶ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው መልሱን ማግኘቱ አያስደንቅም። ጽሑፉ ተመለሰ፤ ተማሪውም አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር ቆየ። ወጪውን የከፈለው እሱ ነበር፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የእኔ ነበር፤ ምክንያቱም ታሪኩን አውቀው ነበር። በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ የአቪዬሽን ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ሲሪል ክሌቨርደን የመጀመሪያውን ትልቅ ሙከራቸውን ሲያካሂዱ ጥያቄዎቹን የመሠረቱት በራሳቸው በሰነዶቹ ላይ ነበር፤ በዚህም ተተቹ። ትችቱን ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባካሄዱት ሁለተኛ ሙከራ ጥያቄዎቹን ከእውነተኛ ተመራማሪዎች ሰበሰቡ። ከዚያ ሥራ የተወረሰው የ1400 ሰነዶችና የ225 ጥያቄዎች ስብስብ እስከ ዛሬ ለማስተማሪያ ያገለግላል።

ተማሪዬም እንዲሁ አደረገ። በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ አጠገብ ለሳምንታት ተቀምጦ አንባቢዎች የሚጠይቁትን ቃል በቃል ጻፈ። በእነዚያ ጥያቄዎች ሲፈተን የሥርዓቱ ውጤት ክፉኛ ወረደ። ጽሑፉ ግን ከፊተኛው እጅግ የተሻለ ሆነ፤ ሥርዓቱ የት የት እንደሚወድቅና ለምን እንደሚወድቅ የሚናገር ጽሑፍ ሆነና።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ጽሑፍ በሚያመነጩ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ላይ ለመሥራት ትመኛላችሁ፤ መልካም ነው። ሆኖም የእኔ ዘመን ኮምፒዩተር ያላገኘውን «የለም» ያሰኘን ነበር፤ የእናንተ ዘመን መሣሪያ ደግሞ ያላገኘውን አስመስሎ ሊፈጥር ይችላል። እኒያ እናት ዛሬ ቢመጡ በባዶ እጃቸው ከመመለስ ይልቅ የሌለ የማኅደር ቁጥር ይዘው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። የትኛው የበለጠ እንደሚያጉላላቸው ለእናንተ እተወዋለሁ። አንድ ሥርዓት «በዚህና በዚህ መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም» ብሎ በሐቅ እንዲመልስ ማድረግ ለማስተርስ ጥናት የሚበቃ፣ ምናልባትም ለዶክትሬት የሚተርፍ ርእስ ነው።

ስለዚህ በሁለቱ ዓመታት ቆይታችሁ ሦስት ነገሮችን እንድትፈጽሙ እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ የጥናት ንድፋችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ሰዎች መረጃ በሚጠይቁበት ቦታ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት በፈቃድ ተቀመጡና የሚጠይቁትን በራሳቸው ቃል ጻፉ። ሁለተኛ፣ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ ሥርዓታችሁ ስለ ወደቀባቸው ጥያቄዎች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስጡ፤ እኔ ፈታኝ ስሆን አስቀድሜ የማነበው እሱን ነው። ሦስተኛ፣ የሰበሰባችኋቸውን ሰነዶችና ጥያቄዎች ከግልጽ ማብራሪያ ጋር ለትምህርት ክፍሉ አስረክቡ። ካማከርኋቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ በድካም ያዘጋጁት ስብስብ ከላፕቶፓቸው ጋር ጠፍቷል፤ ተከታዩም ተማሪ ሥራውን ከዜሮ ጀምሯል። የመረጃ አያያዝ የሚያጠና ክፍል የራሱን መረጃ ካልያዘ ለሌላው ምን ብሎ ይመክራል?

የፕሮግራም ቋንቋውን ትማሩታላችሁ፤ የዛሬው ሲያረጅም ሌላ ትማራላችሁ። እኔ ግን በዚህ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከቆየሁ በኋላም ፈልጌ ባላገኘሁ ቁጥር የጋሼ ጥያቄ ይመለስብኛል፦ በየትኛው ሀ ነው የፈለግኸው? ከእናንተ መካከል አንዳችሁ ነገ በአንድ መስኮት ተቀምጣችሁ «የለም» ለማለት አፋችሁን ስትከፍቱ ይህ ጥያቄ ትዝ ቢላችሁ የዛሬው ንግግሬ በከንቱ አልቀረም።