ያየ ይናገር
ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ሥራህ ምንድን ነው ተብዬ ስጠየቅ መልሱ ያስቸግረኛል። ሐኪም በሽተኛ ያክማል፤ ነርስ ቁስል ታጥባለች፤ እናንተም እህልና ብርድ ልብስ ታድላላችሁ። የእኔ ሥራ ግን መጠየቅ ነው። ማን ታመመ? የት? መቼ? ይህ የተላላፊ በሽታ ቅኝት ይባላል። ለመዝገብና ለመንገድ ስንቅ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ ፈንጣጣን ከምድር ያጠፋው ክትባቱ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ጥያቄ ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1966 በምሥራቅ ናይጄሪያ በኦጎጃ አካባቢ ፈንጣጣ ተነሣ። በሚሲዮን ሐኪምነት ወደዚያ አገር የሄደው ዊልያም ፌጊ ከባልደረቦቹ ጋር ሲደርስ የነበረው ክትባት ለሕዝቡ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም። የአካባቢው ሚሲዮናውያን ማታ ማታ በሬዲዮ የመነጋገር ልማድ ነበራቸው። ስለዚህ ካርታ ዘርግቶ አካባቢውን አከፋፈላቸው። እነርሱም ወደየመንደሩ መልእክተኛ ልከው በሽታው ያለበትንና የሌለበትን ቦታ አስታወቁት። ክትባቱም በሽታው በታየበትና ሊዛመትበት ይችላል ተብሎ በታሰበው ስፍራ ተሰጠ። ሕዝቡ ሁሉ ሳይከተብ ወረርሽኙ ተገታ።

በአገራችንም ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ከ26,000 በላይ በሽተኞች ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ ፈንጣጣ የያዘውን ሰው የሚያሳይ ሥዕል ይዘው፣ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። የመጨረሻው በሽተኛ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1976 በደቡብ ምሥራቅ በረሃ በዲሞ መንደር ተገኘ።

ከዚያ በኋላ በሽታው በሶማሊያ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1977 በመርካ ከተማ አሊ ማኦ ማሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ታመመ። ክትባቱ ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ የቀረ ሰው ነበር። በመጀመሪያ ወባ፣ ኋላም ጉድፍ ነው ተባለ። እርሱ ራሱ ተለይቶ መቀመጥን ፈርቶ ዝም አለ። ነገሩን ያሳወቀው ሌላ ሰው ነው። ወዲያው የቀረቡት ሰዎች ሁሉ ተፈልገው ተከተቡ፤ በሽታውም ከእርሱ ወደ ማንም አልተላለፈም። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በሜይ 1980 ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ። ማሊን ኋላ ለፖሊዮ ክትባት ሲሠራ የራሱን ታሪክ ለሚያመነቱ ወላጆች ይነግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ዐረፈ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከአንድ ገጠር ክሊኒክ የኩፍኝ ሪፖርት ደረሰኝ። የላከውን ጤና ረዳት ከማመስገን ይልቅ፣ «ክትባቱን በወቅቱ ብትሰጥ ኖሮ ይህ ይመጣ ነበር?» ብዬ በሰው ፊት ገሠጽኩት። ከዚያ ወዲህ ከእርሱ ዘንድ የሚመጣው ቅጽ ሁሉ ዜሮ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ። ኋላ ስፍራውን ስጎበኝ ግን ዓይናቸው የቀላ፣ ሰውነታቸው ሽፍ ያለ ሕፃናት በየቤቱ ተኝተው አገኘሁ። ጤና ረዳቱን «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ጌታዬ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ያን ዜሮ የጻፈው እርሱ ቢሆንም ያስጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚደብቀው የሚያሳፍረው ሲኖር ነው።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የበሽታ ወሬ ያመጣላችሁን ሰው አስቀድማችሁ አመስግኑ። ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጠይቁና በዚያው ዕለት ለቅርቡ ጤና ጣቢያ አስታውቁ። በሽተኛ በሌለበት ሳምንትም «የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ፈልጎ ማጣትና ሳይፈልጉ መቅረት አንድ አይደሉምና። ምእመናንም ሆይ፣ ከጉባኤ የቀረውን ሰው ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ልጁ ታሞ ከሆነ ጎረቤት እንዲሸሸው አታድርጉ፤ ውኃና ምግብ አድርሱለት፤ ጤና ሠራተኛም ጥሩለት። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሁለተኛ ጊዜ አይደብቅም።