ሰማዩ ሲከደን፦ በመሣሪያ የሚመራ በረራ መነሻና መድረሻ



የምኖረው ወሎ ሰፈር ነው። በክረምት ደመናው ዝቅ ሲል አውሮፕላኑን አላየውም፤ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። አብራሪውም ምድሩን አያይም። ታዲያ ከእንጦጦና ከየረር ተራሮች ርቆ የሚያልፈው በምን ተማምኖ ነው? አስቀድሞ በተሰላ መንገድ ነው።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት፣ በመሣሪያ እየተመራ የሚነሣ አውሮፕላን በየኪሎ ሜትሩ ቢያንስ 33 ሜትር ከፍታ መጨመር አለበት፤ መሰናክል ካለ ከዚያም በላይ። ለማረፍ ሲቃረብ ደግሞ በተለምዶ በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ይወርዳል። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ነው። አየሩ የሳሳ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያው በባሕር ጠረፍ የሚያሳየውን ቁጥር እያሳየ፣ አውሮፕላኑ በተጨባጭ ከ10 በመቶ በላይ ይፈጥናል፤ ለመዞርም ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ስሌት የተመሠረተው ምድር ላይ ባሉ ነገሮች ቁመት ነው። ተራራው ባለበት ይቆያል፤ ከተማችን ግን ወደ ላይ ታድጋለች። በዋና ማኮብኮቢያ ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ ከማረፊያው ወለል 45 ሜትር በላይ የሚወጣ ሁሉ እንደ መሰናክል ይመረመራል። በሰፈራችን ክሬን የሚያቆም መሐንዲስ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳያሳውቅ ቢቀር፣ ደመና ውስጥ ያለው አብራሪ የሚያምነው ካርታ ጎደሎ ይሆናል።

የነገ መሐንዲሶች ሆይ፣ ያን ካርታ የምታሟሉት እናንተም ናችሁ።