ፀሐይን ተከታዩ መቆሚያ ሲያስቸግር

(ለሳይንስ ተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ይኸውም ካሜራ ተሸክሞ ፀሐይን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሞተር የሚከተል፣ በሦስት እግር የሚቆምና በአንድ ከረጢት ተይዞ የሚሄድ መቆሚያ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች መሣሪያውን ሰገነት ላይ አውጥተው ከሞከሩ በኋላ፣ ፀሐይ ከሥዕሉ እየወጣች ስላስቸገረቻቸው «ሞተሩ ተበላሽቷል» ብለው ወደ ሳጥኑ መልሰውታል። እኔ ግን ሞተሩን ከመክሰሳችን በፊት ሌላ ተከሳሽ እንዳለ ለማስረዳት እፈልጋለሁ። እሱም የመሣሪያው ዘንግ የሚያመለክትበት አቅጣጫ ነው።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027) የጨረቃ ጥላ ከደቡብ እስፓኝ ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳውዲ ዓረቢያና በየመን በኩል እስከ ሶማሊያ ያልፋል። በሉክሶር አጠገብ ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። በእኛ አገር የሚታየው ከፊሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሐምሌ ደመና ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ወደ ሉክሶር ለመሄድ ገንዘብ የሚያጠራቅሙ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ያን ያህል መንገድ ሄዶ ስድስቱን ደቂቃ ብሎን በመፍታትና በማጥበቅ መጨረስ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ችግሩን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ጨርሰን እንሂድ የምለው።

በመጀመሪያ ሞተሩ የሚሠራውን ሥራ እንለካ። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ስፋቷ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ የራሷን ስፋት የምታቋርጠው ከሁለት ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ነው። በ500 ሚሊሜትር ሌንስ የፀሐይ ምስል 4.6 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በተለመደው ባለ 24 በ36 ሚሊሜትር ካሜራ፣ መካከል ላይ የነበረችው ፀሐይ ሞተር ከሌለ በአጭሩ ጎን በኩል በአራት ደቂቃ ያህል ጠርዙን ትነካለች። ይህን ቁጥር ያዙ፤ ብልሽትን የምንለየው በእሱ ነው።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ፀሐይ የራሷን ስፋት ለማቋረጥ የሚፈጅባትን ጊዜ ለኩ። ቀጥሎ ሞተሩን አብርታችሁ እንደገና ለኩ። ያው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ካሜራው አልዞረም ማለት ነው፤ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ማጥበቂያው ላልቶ ሞተሩ እየዘፈነ ዘንጉ ቆሟል። አንድ ደቂቃ ብቻ ከሆነ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ወደ ኋላ እየዞረ ነው እንጂ። ይህ የሚሆነው የሰሜንና የደቡብ ማብሪያው «ደቡብ» ላይ ሲቀር ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ነን ማለት ከወገቡ በታች ነን ማለት አይደለም።

ብዙ ክርክር የሚነሣው በፍጥነት መምረጫው ላይ ነው፤ «ኮከብ» ላይ ይሁን ወይስ «ፀሐይ» ላይ? እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ ከሚገባው በላይ ረዝሟል። በኮከብ ፍጥነት ብንሠራ በአንድ ሰዓት ውስጥ የምናጣው ከፀሐይ ስፋት አንድ አሥራ ሦስተኛውን ነው። «ጨረቃ» ላይ ከቀረ ግን በሰዓት አንድ ሙሉ የፀሐይ ስፋት ያህል እናጣለን፤ መፍራት የሚገባው ይህን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተከሳሽ ልምጣ። የመሣሪያው ዘንግ ሰማይ የሚዞርበትን ነጥብ፣ ማለት የሰማይን ዋልታ ማመልከት አለበት። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ «የሰሜንን ኮከብ በመመልከቻው ውስጥ አስገባ» ይላል። ይህን የጻፉት ሰዎች ኮከቡ ከራሳቸው በላይ ከፍ ብሎ በሚታይበት አገር የሚኖሩ ናቸው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ፣ ዋልታው ከአድማስ በላይ ያለው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ላሉት ሠፈሮች ተራራውና ባሕር ዛፉ ይጋርደዋል፤ ለሌሎቻችን ጭጋጉ ይውጠዋል። ደግሞስ እኛ የምንሠራው በቀን አይደለም እንዴ?

ስለዚህ ሁለት ነገር በሌላ መንገድ ማግኘት አለብን፤ ከፍታውንና አቅጣጫውን። ከፍታው ቀላል ነው። እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሎ፣ ዘንጉን በማዕዘን መለኪያ 9 ዲግሪ ላይ ማጥበቅ ነው። በመሣሪያው ጎን በተቀረጸው ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ውሃ ልኩ ካልተስተካከለ ያ ቁጥር ትርጉም የለውም።

አቅጣጫው ግን ያስቸግራል። ብዙዎቻችን ኮምፓስ እናወጣለን፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፓሱ በስልክ ውስጥ አለ። ነገር ግን የምንቆምበት ሰገነት በውስጡ ፌሮ የተዘረጋበት ነው፤ አጠገቡም የቆርቆሮ ጣራና የውሃ ታንከር አለ፤ የመቆሚያው ሞተርም ራሱ መግነጢስ ይዟል። መርፌው ከእነዚህ ሁሉ ቢድን እንኳ የሚያመለክተው የመግነጢስን ሰሜን ነው፤ እሱም በአዲስ አበባ ከእውነተኛው ሰሜን ጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ይህ ልዩነት ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚለወጥ፣ ልኩን የሚፈልግ ሰው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ጊዜ የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ መጠየቅ ይችላል።

ከኮምፓስ ይልቅ እኔ የምመርጠው ምስማርና ሲባጎ ነው። ጠፍጣፋ ጣውላ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ምስማር ቀጥ አድርጋችሁ ምቱበት፤ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አረጋግጡ። ምስማሩን መካከል አድርጋችሁ በሲባጎ ክብ ሥሩ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካ ምልክት አድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲነካ ሌላ ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ ለእሱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው መስመር እውነተኛው ሰሜን ነው።

«አጭሩን ጥላ በስድስት ሰዓት ብንይዝ አይቀልም?» የሚል አይጠፋም። አይቀልም፤ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ሰዓታችን የተቀጠረው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን አዲስ አበባ ከዚያ ስድስት ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ናት። ስለዚህ ፀሐይ እኩለ ቀን የምትሆነው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ነው፤ ይህም እንደ ወራቱ ከ6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ድረስ ይለዋወጣል። ሁለተኛ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ቀን ገደማ ፀሐይ በአናታችን ላይ ስለምታልፍ በእኩለ ቀን የምትይዙት ጥላ አይኖርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ትንሽ ስሕተት ይቀራል፤ ቀሪውን ፀሐይ ራሷ ትናገራለች። ካሜራውን አቁሙና ሞተሩን አብሩ፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሳትነኩ ጠብቁ። የምትመለከቱት ፀሐይ በሥዕሉ ላይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መንሸራተቷን ነው። የትኛው ጎን ሰሜን እንደሆነ ከጠፋችሁ ሌንሱን ትንሽ ወደ ሰሜን ግፉት፤ ፀሐይ የምትሸሸው ወደ ደቡቡ ጎን ነው።

በእኩለ ቀን ገደማ ፀሐይ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተች ዘንጉ ወደ ምሥራቅ በዝቷል፤ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተች ወደ ምዕራብ በዝቷል። በአገራችን በሰኔ ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ብታልፍም ሕጉ አይለወጥም። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ዝቅ ብላ ሳለ የሚታየው ደግሞ የከፍታው ስሕተት ነው፤ ወደ ደቡብ ከሄደች ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሄደች ከፍ ብሏል። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ይህኛው ይገለበጣል። ሁለቱን ብሎኖች በአንድ ጊዜ የሚያዞር ሰው ማታ ድረስ ሲያዞር ይውላል፤ የጠዋቱን ለጠዋት፣ የቀትሩን ለቀትር ተዉት።

ስሕተቱ ምን ያህል ይጎዳል? በእኩለ ቀን አንድ ዲግሪ የአቅጣጫ ስሕተት ፀሐይን በሰዓት የስፋቷን ግማሽ ያህል ያንሸራትታታል። በኮምፓስ ሦስት ዲግሪ የተሳሳተ ሰው በሰዓት አንድ ስፋት ተኩል ያጣል። ግርዶሹ ከመጀመሪያው ንክኪ እስከ መጨረሻው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚፈጅ፣ በዚያ ሌንስ ፀሐይ ከሥዕሉ መውጣቷ አይቀርም። ከላይ የተናገርሁትን አንድ አሥራ ሦስተኛ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየው የቀለበት ግርዶሽ የሆነው በማለዳ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ሳለች ነበር፤ እንዲያ ባለው ቀን የሚያስቸግረው የከፍታው ብሎን ነው። በሉክሶር ግን ግርዶሹ የሚሆነው በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ምንም ሳይቀራት ነው። እዚያ የሚፈርደው የሰሜን አቅጣጫ ነው። ደስ የሚለው፣ በሉክሶር ዋልታው 26 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል የሰሜን ኮከብ በደንብ ይታያል፤ ኮከቡም ከእውነተኛው ዋልታ አንድ ዲግሪ እንኳ አይርቅም። በዋዜማው ማታ ከፍታውን ከ9 ወደ 26 ቀይራችሁ በኮከቡ አስተካክሉ፤ የሦስቱን እግሮች ቦታም መሬት ላይ ምልክት አድርጉ።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ልጨምር። ዘንጉ በእኛ አገር ሊተኛ ምንም ስለማይቀረው ካሜራው ወደ ሰሜን ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከሦስቱ እግሮች አንዱን ወደ ሰሜን ካላደረጋችሁ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ይገለበጣል። ሚዛን መጠበቂያ ብረት ያለው ከሆነ ብረቱ ጠዋትና ማታ ያንኑ እግር ሊመታ ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ በእጅ አዙራችሁ እዩ። ፀሐይ በሥዕሉ ላይ ቆም፣ ዘለል እያለች የምትሄድ ከሆነ ጥርሶቹ መካከል ክፍተት አለ፤ የምሥራቁን ወገን ጥቂት ከበድ አድርጉት፣ ጥርሱ ሁልጊዜ ተደግፎ ይሠራል።

ካሜራውን ወደ ፀሐይ ስታነጣጥሩ በዓይናችሁ አትፈልጓት፤ የሌንሱ ጥላ መሬት ላይ በጣም ክብና ትንሽ እስኪሆን አዙሩት፣ ያን ጊዜ ፀሐይ በመስመሩ ላይ ናት። ከመቶ ሺህ አንዱን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ ከሌንሱ ፊት ይታሰራል እንጂ ከዓይን በኩል አይደረግም። በላሊበላው ዓይነት የቀለበት ግርዶሽና በከፊል ግርዶሽ ማጣሪያው ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አይነሣም። በሉክሶር የሚነሣው ፀሐይ ፈጽማ በተጋረደችባቸው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ የብርሃን ነጥብ ሳትወጣ መመለስ አለበት። አንድ ሰው ሰዓት ይያዝና ጮኾ ይቁጠር፤ ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ ከቆጠረ ይረሳል።

የሉክሶር የሐምሌ ቀትር ብርቱ ነው። በፀሐይ የጋለ ሌንስ ጥራቱን ይስታል፤ ባትሪውም ሙቀት አይወድም። ነጭ ነጠላ በመሣሪያው ላይ አልብሱት፤ ጫፉ ግን ወደ ጥርሶቹ እንዳይገባ በሲባጎ እሰሩት።