ጨዋታና የመሐንዲስ ትምህርት



ገበታ እየተጫወትን ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፥ ጠጠሩን በየጕድጓዱ የሚዘራው እጅ ቢሆንም የሚደክመው ልቡና ነው። የዛሬው ንግግሬ በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ወጣት መሐንዲሶች የሚያስተምር ጨዋታ እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚችል የሚመለከት ነው።

ጨዋታ ለሕፃናት እንጂ ለመሐንዲስ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ የቢራ ማከፋፈል ጨዋታ ተዘጋጅቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ጨዋታ ቸርቻሪው፥ ጅምላ ሻጩ፥ አከፋፋዩና ፋብሪካው እያንዳንዳቸው የሚያዩት ወደ እነርሱ የመጣውን ትእዛዝ ብቻ ነው። የገዢው ፍላጎት ጥቂት ሲለወጥ፥ ዕቃው ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁሉም ከሚገባው በላይ ያዝዛሉ፤ በመጨረሻም ትርፍ ዕቃ ተከምሮ ይቀራል። ተማሪው ትምህርቱን ከገዛ ስሕተቱ ያገኘዋል።

ለእኛ አገር ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት ከተማ አቅራቢያ፥ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ አለ። የአዋሽ ውሃ በቆቃ ኤሌክትሪክ ካመነጨ በኋላ፥ ከታች በአዋሽ ሁለተኛና ሦስተኛ ጣቢያዎችም ይሠራል፤ የወንጂን ሸንኮራም ያጠጣል።

እንግዲህ የገበታው ዐሥራ ሁለት ጕድጓዶች ዐሥራ ሁለቱ ወራት፥ ጠጠሮቹም ውሃው ይሁኑ። የክረምቱ ዝናብ በዕጣ ይውጣ። አንዱ ተማሪ ስለ መብራት፥ አንዱ ስለ እርሻ፥ አንዱ ከግድቡ በታች ስለሚኖረው ሕዝብ ይከራከር። ውሃውን አብዝቶ የያዘ፥ ክረምቱ ሲበረታ ጎርፍ ያመጣል፤ አብዝቶ የለቀቀ ደግሞ በበጋ መብራት ያጠፋል። ደለል የግድቡን ሆድ ስለሚያጠበው፥ በየዓመቱ ጕድጓዱ የሚይዘው ጠጠር አንድ ይቀነስ።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ሲያልቅ ትምህርቱ አያልቅም። መምህሩ፥ «ይህ ጥፋት ከየት ጀመረ?» ብሎ ጠይቆ ተማሪዎቹን ወደ ኋላ ካልመለሳቸው፥ የቀረው ሣቅ ብቻ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዳለ አንርሳ።

በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ ሠራተኞች ሆይ፥ ጨዋታው እውነተኛ የሚሆነው ቍጥሩ እውነተኛ ሲሆን ነው። የዝናቡና የወንዙ ልክ፥ የመብራቱ ፍጆታ፥ የጎርፉ ጉዳት የተመዘገበው በእናንተ መዝገብ ነው። መምህር መጥቶ በደንቡ ሲጠይቃችሁ፥ «ነገ ና» አትበሉት። ወጣቱ በጠጠር ቢሳሳት፥ ጠጠሩን ሰብስቦ እንደገና ይጀምራል፤ በግድብ ላይ የተሳሳተ እንደሆነ ግን የታችኛው አገር ሰው ቤቱን እንደ ጠጠር ሊሰበስብ አይችልም።